ከስምንት የድምፅ ትራክ የቱን እንያዝ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች የፊልም ዲስኮችን ወደ ሃርድ ዲስክ ስለ መገልበጥ፣ በተለይም ስለ ድምፅ አመራረጥ የተጻፉ ናቸው። ከታች «ሪሲቨር» ስንል ስፒከሮቹ የሚሰኩበትን ኤቪ ሪሲቨር እንጂ የዲሹን ማለታችን አይደለም።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የብሉሬይ ፊልሞቼን ሜክ ኤምኬቪ በተባለው ፕሮግራም እየገለበጥኩ ነው። ዲስኩን ሲከፍት ስምንት የድምፅ ትራክ ይዘረዝርልኛል። ሁሉንም ብይዝ ቦታ ይበላብኛል፤ ብቀንስ ደግሞ ዋናውን እንዳልጥል ፈራሁ። ቤቴ ያለው 5.1 ስፒከር (አምስት ስፒከርና አንድ የቤዝ ስፒከር) ሲሆን ማጫወቻው ከሪሲቨሩ ጋር በኤችዲኤምአይ ተገናኝቷል። (ከአዲስ አበባ፣ ሲኤምሲ)

መልስ፦ ለእርስዎ ቤት ሁለት ትራክ ይበቃል። የትኞቹ ሁለት እንደሆኑ ለመለየት ግን ዝርዝሩን ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል። ከቪዲዮው ቀጥሎ ብዙ ጊዜ የሚመጣው «ትሩኤችዲ 7.1 እንግሊዝኛ» ነው። ከሥሩ ገባ ብሎ «ዶልቢ ዲጂታል 5.1 እንግሊዝኛ» ይገኛል። ከዚያ ፈረንሳይኛና ስፓኒሽ ይከተላሉ፤ መጨረሻ ላይ ሁለት ወይም ሦስት «ስቴሪዮ እንግሊዝኛ» ይደረደራሉ።

ከላይ ያለው ትሩኤችዲ ስቱዲዮ ውስጥ ከተዘጋጀው ድምፅ ምንም ያልተቀነሰበት ነው፤ ፊልሙ አትሞስ (ከጣሪያም ጭምር የሚመጣ የዶልቢ ድምፅ) ካለው የአትሞሱ መረጃም የተቀመጠው እዚያው ውስጥ ነው። ከሥሩ ያለው ዶልቢ ዲጂታል ትርፍ አይደለም። የብሉሬይ ደንብ ማንኛውም ማጫወቻ እንዲያነብ የሚያስገድደው ዶልቢ ዲጂታልን፣ የዶልቢ ተፎካካሪ የሆነውን መደበኛውን ዲቲኤስና ያልታመቀውን ፒሲኤም ብቻ ነው። ትሩኤችዲን ማንበብ ለአምራቹ ምርጫ የተተወ ስለሆነ ዲስኩ ሌላ ሁሉም የሚያነበው ትራክ አብሮ መያዝ ነበረበት። ሁለቱ የተለያዩ ድምፆች ናቸው፤ ትሩኤችዲውን ብቻ ከያዙ ትሩኤችዲ የማያውቅ መሣሪያ ላይ ፊልሙ ድምፅ አልባ ይሆናል። ሜክ ኤምኬቪ ደግሞ ይህን ሁለተኛ ትራክ ብዙ ጊዜ በራሱ አይመርጠውም። ከዋናው ትራክ አጠገብ ያለችውን ቀስት ከፍተው ሳጥኑ ላይ በእጅዎ ምልክት ያድርጉበት። ለሁለት ሰዓት ፊልም በሰከንድ በ640 ኪሎቢት 576 ሜጋባይት ብቻ ነው የሚወስደው።

ዲስኩ የያዘው ዲቲኤስ ኤችዲ ማስተር ኦዲዮ ከሆነ ነገሩ ይለያል። እዚህ መደበኛው ዲቲኤስ እንደ እምብርት ሆኖ እዚያው ትራክ ውስጥ ተቀምጧል፤ ጥራቱን የሚሞላው ተጨማሪ መረጃ በላዩ ተደርቧል። አሮጌ ሪሲቨር እምብርቱን ብቻ ያነብና የቀረውን ይዘለዋል። ስለዚህ ዋናውን ብቻ ይያዙ። ፕሮግራሙ እምብርቱን ለብቻው አውጥቶ ቢያሳይዎትም እሱን መጨመር አንድን ነገር ሁለቴ መያዝ ነው፤ ለሁለት ሰዓት ፊልም ወደ 1.36 ጊጋባይት በከንቱ ይሄዳል።

7.1 የሚለው አያሳስብዎት፤ ሪሲቨርዎ የኋላዎቹን ሁለት ቻናሎች ወደ ጎኖቹ ያጣጥፋቸዋል። ስቴሪዮዎቹን በተመለከተ፣ አንደኛው የዳይሬክተሩ ማብራሪያ፣ ሌላው ለዓይነ ስውራን የሚሆን ገለጻ ሊሆን ይችላል፤ ዝርዝሩ ግን ይህን አይናገርም። የሚፈልጉት ካለ ሁሉንም ገልብጠው ቪኤልሲ በተባለው ማጫወቻ ሁለት ሁለት ደቂቃ ይስሟቸው። ተራኪ «ሰውየው በሩን ከፈተ» እያለ የሚያወራበት የዓይነ ስውራኑ ነው። ከለዩ በኋላ የተገለበጠውን ፋይል በሚያስተካክለው ፕሮግራም፣ በኤምኬቪ ቱልኒክስ፣ የሄደር ማረሚያ ስም ይስጧቸው፤ ከዓመት በኋላ የትኛው የቱ እንደሆነ አያስታውሱትም።

ጥያቄ፦ ፊልሙን በፍላሽ ቲቪው ላይ ስከፍተው ምስሉ ይታያል፣ ድምፁ ግን የለም። ላፕቶፕ ላይ በደንብ ይሰማል። ሳውንድባሩ ከቲቪው ጋር በኤችዲኤምአይ አርክ ነው የተያያዘው። ዲስኩ ተበላሽቶ ይሆን? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ዲስኩም ቅጂውም ደህና ነው። ላፕቶፕዎ የሚያነበውን ድምፅ ቲቪው አያነበውም። ብዙ ቲቪዎች በውስጥ ማጫወቻቸው ትሩኤችዲን አይፈቱም፤ ዲቲኤስን የማያነቡም አሉ። ለምሳሌ ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. ከ2018 ሞዴሎቹ ጀምሮ ዲቲኤስን አውጥቶታል። አርክ (ድምፁ ከቲቪው ወደ ሳውንድባሩ የሚሄድበት የኤችዲኤምአይ መስመር) ራሱም ጠባብ መንገድ ነው። ዶልቢ ዲጂታልን፣ ዶልቢ ዲጂታል ፕላስንና መደበኛ ዲቲኤስን ያሳልፋል፤ ትሩኤችዲና ዲቲኤስ ኤችዲ አያልፉበትም። እነዚህን የሚያሳልፈው የተሻሻለው አርክ፣ ኢአርክ ነው፤ እሱም ቲቪውም ሳውንድባሩም ሲደግፉት ብቻ።

መጀመሪያ በሪሞቱ የድምፅ ትራክ ምርጫውን ይክፈቱና ወደ ዶልቢ ዲጂታል 5.1 ይቀይሩ። ድምፁ ከመጣ ችግሩ የቅደም ተከተል ነው። በኤምኬቪ ቱልኒክስ የሄደር ማረሚያ ፋይሉን ከፍተው «ዲፎልት» የሚለውን (ፊልሙ ሲከፈት በቅድሚያ የሚጫወተውን ትራክ የሚወስነውን) ምልክት ከትሩኤችዲው አንስተው ለዶልቢ ዲጂታሉ ይስጡት። ጥቂት ሰከንድ የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ፋይሉ እንደገና አይጻፍም። የቲቪውንም የዲጂታል ድምፅ ማውጫ ይመልከቱ። «ፒሲኤም» ላይ ከሆነ በአርክ የሚወጣው ሁለት ቻናል ብቻ ስለሆነ ወደ «ፓስ ስሩ» ወይም «አውቶ» ይለውጡት።

ፋይሉ ውስጥ ያለው ዲቲኤስ ብቻ ከሆነ ግን ዶልቢ ዲጂታል መሥራት ግድ ነው። ሃንድብሬክ የተባለው ፕሮግራም ድምፁን ይቀይርልዎታል፤ ችግሩ ቪዲዮውንም እንደ አዲስ ጨምቆ ጥራቱን መቀነሱ ነው። መፍትሔው እንዲህ ነው፦ በሃንድብሬክ ቪዲዮውን በጣም ትንሽና በጣም ፈጣን አድርገው፣ ድምፁን ግን በኤሲ3 (የዶልቢ ዲጂታል ሌላ ስሙ ነው)፣ 640 ኪሎቢት፣ 5.1 ያውጡ። ከዚያ ኤምኬቪ ቱልኒክስ ላይ ዋናውን ፋይልና ይህንን አብረው ይጨምሩ፤ ከሁለተኛው ላይ ድምፁን ብቻ ምልክት አድርገው ሌላውን ሁሉ ያጥፉ። ቪዲዮው ሳይነካ አዲሱ ድምፅ ይገባል።

አንድ ነገር ሳንጠቁም ማለፍ አንፈልግም። በሚኖሩበት አገር እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የዲጂታል ቅጂ መብት ሕግ የዲስክን ቁልፍ መስበር ይከለክላል፤ ዲስኩ በገንዘብዎ የገዙት ቢሆንም እንኳ በሕጉ የተዘረዘሩት ልዩ ሁኔታዎች ጠባብ ናቸው። ይህን አውቀው ይወስኑ።

ጥያቄ፦ ቦታ ለመቆጠብ ድምፁን በሙሉ ወደ ፍላክ ብቀይረውስ? ፍላክ ጥራት አይቀንስም ይባላል። (ከዱባይ)

መልስ፦ ዲስኩ ፒሲኤም ከያዘ ያለማመንታት ይቀይሩ። 5.1፣ 24 ቢት ፒሲኤም ለሁለት ሰዓት ከ6 ጊጋባይት በላይ ነው፤ ፍላክ አንዳች ሳያጠፋ በጉልህ ያሳንሰዋል። አትሞስ ወይም ዲቲኤስ ኤክስ ያለበትን ትራክ ግን አይንኩ። ድምፆቹ ከጣሪያ ከየት በኩል መምጣት እንዳለባቸው የሚናገረውን መረጃ ፍላክ መያዝ አይችልም። የሚቀርልዎት ተራ 7.1 ነው፤ አንዴ ከጠፋ ደግሞ ዲስኩን እንደገና ከመገልበጥ በቀር መመለሻ የለውም። ቦታ የሚበላው ቪዲዮው ነው። በሰከንድ 25 ሜጋቢት የሚሄድ ምስል ለሁለት ሰዓት 22.5 ጊጋባይት ይሆናል። ማዳን ከፈለጉ የማይሰሟቸውን ቋንቋዎች ይጣሉ፤ ዋናውን ድምፅ ይተዉት።

ጥያቄ፦ ትሩኤችዲ ያላቸው ፊልሞች ከዲቲኤሶቹ ይልቅ ዝቅ ብለው ነው የሚሰሙኝ። በተለይ ንግግሩ ጨርሶ አይሰማም፤ ሙዚቃውና ፍንዳታው ግን ቤቱን ያናውጣል። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ እዚህ ሁለት ችግር አለ፤ ለየብቻ እንያቸው። ዶልቢ ትራኮች ውስጥ የንግግሩን ልክ የሚናገር ቁጥር ተጽፏል። ቁጥሩ −31 ከሆነ ሪሲቨሩ ምንም አይቀንስም፤ −27 ከሆነ ድምፁን በሙሉ በ4 ዴሲቤል ዝቅ ያደርገዋል። ቮልዩሙን 4 ዴሲቤል ከፍ ያድርጉት፤ ከጥራቱ የጎደለ ነገር የለም። በዚህ ምክንያት ዲቲኤሱ «ይበልጣል» ብለው እንዳይመርጡ፤ ጆሮ ከፍ ያለውን ሁሉ የተሻለ አድርጎ ይሰማል።

የንግግሩ መጥፋት ግን ሌላ ነው። በ5.1 ድምፅ ንግግሩ በአብዛኛው የሚወጣው በመካከለኛው ስፒከር ነው። መካከለኛ ስፒከር ሳይኖር ሪሲቨሩ «አለ» ተብሎ ከተሞላ ንግግሩ ወዳልተሰካ ገመድ ይላካል። በስፒከር ማስተካከያው ውስጥ «ሴንተር» የሚለውን «None» (የለም) ያድርጉት፤ ንግግሩ ወዲያው ወደ ግራና ቀኙ ይመጣል። ስፒከሩ ካለ ደግሞ ገመዱን ከኋላ ይፈትሹ፤ ከዚያም የሴንተሩን ልክ 2 ወይም 3 ዴሲቤል ይጨምሩ። ሌሊት ለማየት በሪሲቨሩ ላይ ያለው «ናይት ሞድ» ፍንዳታውን ያለዝበዋል።

ጥያቄ፦ ለልጆቼ የዕብራይስጡን ድምፅ ከዲቪዲ አውጥቼ በብሉሬዩ ቅጂ ላይ ልጨምር ሞከርኩ። መጀመሪያ ላይ ይገጥማል፣ እየቆየ ግን ድምፁ ምስሉን ይቀድማል። (ከፔታህ ቲክቫ)

መልስ፦ ዲቪዲዎ ፓል በተባለው የቲቪ ምስል ደረጃ የተሠራ ነው። ብሉሬዩ በሰከንድ 23.976 ምስል ሲያሳይ ፓል 25 ያሳያል። ስለዚህ የሁለት ሰዓቱ ፊልም በዲቪዲው ላይ በ115 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ገደማ ያልቃል። በኤምኬቪ ቱልኒክስ የመዘግያ ሳጥን ውስጥ ሚሊሰከንድ ቢጨምሩ የሚስተካከለው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል የሆነ ልዩነት ብቻ ነው። የእርስዎ ግን እያደገ የሚሄድ ነው። እዚያው ያለው የመለጠጫ ሳጥንም ለድምፅ አይሆንም፤ የሰዓት ምልክቱን ያራርቃል እንጂ ድምፁን ራሱን ስለማያዘገየው በየመሐሉ ክፍተት ይፈጠራል።

ድምፁን ኦዳሲቲ በተባለው የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ይክፈቱና ፍጥነት መቀየሪያው ላይ −4.096 በመቶ ይጻፉ። ኤሲ3 አልከፍትም ካለ የኤፍኤፍኤምፔግ ማሟያውን ይጫኑለት። የተፋጠነው ድምፅ ቀጥኖ ከነበረ በዚሁ ወደ ተፈጥሮው ይመለሳል። ከዚያ በኤሲ3 ወይም በፍላክ አውጥተው ይጨምሩት፤ መነሻው ላይ ትንሽ ልዩነት ከቀረ የመዘግያ ሳጥኑ የሚሠራው ያኔ ነው። ማመሳከሪያዎ በር ሲዘጋ ወይም ሰው ሲያጨበጭብ የሚታይበት ትዕይንት ይሁን፤ አንዱን ከመጀመሪያው፣ ሌላውን ከመጨረሻው አሥር ደቂቃ ይምረጡ። የሁለቱ ቋንቋ ከንፈር ስለማይመሳሰል በአፍ እንቅስቃሴ መለካት ያሳስታል።

ጥያቄ፦ የቆዩ የአማርኛ ፊልሞችን በቪሲዲ ይዣለሁ። ወደ 5.1 ቀይሬ ላስቀምጣቸው? (ከአዲስ አበባ፣ ፒያሳ)

መልስ፦ አይቀይሯቸው። የቪሲዲ ድምፅ በ224 ኪሎቢት የታመቀ ስቴሪዮ ነው፤ በፋይሉ ላይ ስድስት ቻናል ቢሠሩለት የሚጨምሩት እንደገና ከመታመቅ የሚመጣውን ጉድለት ብቻ ነው። ዙሪያውን እንዲሰማ ከፈለጉ ሪሲቨሩ ላይ ያለው ዶልቢ ሰራውንድ በማጫወቻ ሰዓት ይሠራልዎታል፤ ፋይሉ እንደነበረ ይቆያል።

አሁን የሚያስቸኩለው ዲስኩ ራሱ ነው። ቪሲዲ ለስህተት ማረሚያ ይውል የነበረውን ቦታ ለምስልና ለድምፅ ስለሰጠ፣ ዳታ ሲዲ የሚቋቋመው ጭረት ቪሲዲን ያንተፋትፈዋል። ዲስኩን በለስላሳ ጨርቅ ከመሐል ወደ ዳር ይጥረጉ፤ ዙሪያውን አይዙሩ። ዊንዶውስ ላይ «ዳት» የሚል ቅጥያ ያለውን ትልቁን ፋይል ወደ ሃርድ ዲስክ ይገልብጡና በቪኤልሲ ይክፈቱት። አንድ ኮምፒውተር አላነብም ካለ በሌላ ማንበቢያ ይሞክሩ፤ አንዱ የተወውን ዲስክ ሌላው ብዙ ጊዜ ያነበዋል። የዘፈን ቪሲዲ ሆኖ በግራ ድምፃዊው፣ በቀኝ ሙዚቃው ብቻ ከተሰማ ዲስኩ አልተበላሸም፤ በቪኤልሲ የድምፅ ማውጫ ውስጥ ስቴሪዮ ሞዱን «ግራ» ቢሉት ከሁለቱም ስፒከር ድምፃዊው ይሰማል።