አልቀመጥ ያለ የቢኤምኤክስ ጎማ

አንድ የጅማ ነዋሪ አባት እንዲህ ሲሉ ጽፈውልኛል፦ «ለልጄ አሮጌ ቢኤምኤክስ ሳይክል ገዝቼ አዲስ ጎማ አስገባሁለት። አየር ሲሞላ ግን ቫልቩ አጠገብ ጎማው ሰርጎ ይቀራል፣ በተቃራኒው በኩል ደግሞ ያብጣል፤ ልጁ ሲነዳው ይነጥራል። ጎሚስታ ዘንድ ወስጄ በኮምፕሬሰር ቢሞላ ጎማው ከቸርኬው ወጥቶ የውስጡ ጎማ ፈነዳ። ጥፋቱ የጎማው ነው ወይስ የቸርኬው?»

የተከበሩ ጠያቂዬ፣ ሁለቱም ደህና ሊሆኑ ይችላሉ። በጎማው ሁለት ጠርዞች ውስጥ የማይለጠጥ የብረት ሽቦ አለ። የቸርኬው መካከል ጎድጓዳ ሲሆን ግራና ቀኙ ላይ ጠርዙ የሚያርፍበት ጠባብ መደብ አለ። ጎማው ሲገባ ጠርዙ ወደ ጎድጓዳው ይወርዳል፤ አየር ሲሞላ ደግሞ ዙሪያውን ወደ መደቡ መውጣት ይኖርበታል። ሽቦው ስለማይለጠጥ በአንድ በኩል ጎድጓዳው ውስጥ ተይዞ ከቀረ፣ የተረፈው ርዝመት በተቃራኒው በኩል ይወጣል። ስለዚህ ያዩት ስርጉደትና እብጠት አንድ ችግር ነው፤ ኮምፕሬሰሩ ኃይል ሲጨምርበትም ጠርዙ ባበጠበት በኩል የቸርኬውን ከንፈር ዘሎ ወጣ። የከባድ መኪና ጎማ የሚሞላ ኮምፕሬሰር ይህችን ትንሽ ጎማ በጥቂት ሰከንድ ከመጠን በላይ ስለሚነፋት፣ ለዚህ ሥራ የእጅ መንፊያን እመርጣለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ልኩን ያረጋግጡ። በጎማው ጎን ላይ 47-406 የመሰለ ጽሑፍ ያገኛሉ፤ ሁለተኛው ቁጥር ጠርዙ የሚያርፍበት ክብ ከዳር እስከ ዳር ያለው ስፋት (ዲያሜትሩ) በሚሊሜትር ነው። አብዛኛው ባለ 20 ኢንች ቢኤምኤክስ 406 ሲሆን፣ 20 በ1 3/8 የሚባለው ቀጭን ጎማ ግን 451 ነው። በጣም የሚያሳስተው 1.75 እና 1 3/4 ነው፤ በሒሳብ እኩል ቢሆኑም 20 በ1.75 ልኩ 406፣ 20 በ1 3/4 ደግሞ 419 ነው። የ13 ሚሊሜትሩ ልዩነት ጎማውን ስለሚያላላው በማንኛውም ዘዴ አይያዝልዎትም። በቸርኬው ላይ ቁጥር ካላገኙ ከወጣው አሮጌ ጎማ ላይ ያንብቡ።

ልኩ ትክክል ከሆነ ጎማውን አውጥተው ባዶውን ቸርኬ ያሽከርክሩና ጣትዎን ከከንፈሩ አጠገብ ያስጠጉ። ቸርኬው ራሱ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ መነጠሩ ከራጂው (ቸርኬውን ከመሐሉ ጋር ከሚያያይዙት ቀጫጭን ሽቦዎች) ስለሆነ በመጀመሪያ እርሱ ይስተካከል። ቀጥሎ መደቡን ዙሪያውን በጣትዎ ይዳስሱ። በእኛ ከተማ ዝናቡ ረጅም ስለሆነ የአሮጌ ብረት ቸርኬ መደብ ዝጎ ሻካራ ይሆናል፤ የተበየደበት መጋጠሚያ ላይም ጉብታ ይገኛል። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ፣ ጉብታውን በደቃቅ ሞረድ ያለስልሱ፤ ከጉብታው በስተቀር ብረቱን አይንኩ።

አሁን ብዙዎች የሚስቱበት ነገር ላይ ደረስን፤ እርሱም የራጂዎቹን ጫፍ የሚሸፍነው ቀበቶ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ልጅ ከጅሬን በኩል ያመጣልኝ ጎማ እንደ እርስዎ ሁሉ ቫልቩ አጠገብ በአንድ ስንዝር ያህል ርዝመት ሰርጎ ነበር። ብፈታው ቀበቶው ከአሮጌ የውስጥ ጎማ የተቆረጠ ወፍራም ላስቲክ ሆኖ፣ ከጎድጓዳው አልፎ በሁለቱም በኩል መደቡ ላይ ተነጥፏል፤ ቫልቩ ዘንድም ጫፍና ጫፉ ተደራርቧል። ላስቲክ በላስቲክ ላይ ስለማይንሸራተት ጠርዙ መውጣት አልቻለም። ቀበቶውን በጎድጓዳው ስፋት ልክ ጠበብ አድርጌ፣ መደራረቡን አስቀርቼ ብመልሰው ጎማው ያለ ትግል ተቀመጠ። የእርስዎም ጎማ የሰረገው ቫልቩ አጠገብ ስለሆነ ከዚህ ቢጀምሩ መልካም ነው።

ሲገጥሙ ከቫልቩ ተቃራኒ ጀምረው ቫልቩ ዘንድ ይጨርሱ። የውስጡ ጎማ ቅርጽ እስኪይዝ ጥቂት አየር ይስጡትና ቫልቩን ወደ ውስጥ ገፋ አድርገው ይልቀቁት፤ የቫልቩ ወፍራም መሠረት ከጠርዙ ሥር ተቀርቅሮ ከነበረ ያን ጊዜ ይላቀቃል። ቫልቩ ብሎን ካለው እስከ መጨረሻው አያጥብቁት። ከዚያም ወፈር ያለ የሳሙና ውሃ በጨርቅ ነክረው ሁለቱን ጠርዞች ዙሪያውን ይቀቡ። ዘይትና ናፍጣ ላስቲክን ስለሚጎዱ ፈጽሞ አይጠቀሙ። ጎማው ታጥፎ የከረመ ከሆነ በመጠኑ ተነፍቶ አንድ ሰዓት ያህል ፀሐይ ላይ ይቆይ።

ከጠርዙ ከፍ ብሎ በጎማው ጎን ላይ ዙሪያውን የሚሄድ ቀጭን መስመር አለ፤ ከዓይን ግምት ይልቅ የምተማመነው በእርሱ ነው። አሥር ጊዜ ያህል በነፉ ቁጥር አቁመው፣ መስመሩ በሁለቱም ጎን ከቸርኬው ከንፈር እኩል ርቀት መሆኑን ይመልከቱ። ባበጠበት በኩል በመዳፍዎ ወደ ውስጥ ይጫኑ፤ በሰረገበት በኩል ወደ ውጭ ይሳቡ። አልወጣ ካለ አየሩን ሙሉ በሙሉ አውጥተው፣ እንደገና ሳሙና ቀብተው ይድገሙት፤ እኔ ራሴ ሦስት ጊዜ የደገምኩባቸው ጎማዎች አሉ። ሲቀመጥ «ጧ» የሚል ድምፅ ይሰማሉ። ጎማው ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ግፊት ግን አይለፉ፤ 60 ፒኤስአይ የሚል ከሆነ ይህ 4.1 ባር ገደማ ነው። ከንፈሩ ወደ ውስጥ ያልታጠፈ አሮጌ የብረት ቸርኬ ጠርዙን አጥብቆ ስለማይዝ፣ በእንዲህ ያለው ላይ እኔ ከ40 ፒኤስአይ አላልፍም።

ልኩ ትክክል ሆኖ ሳለ ጎማው ያለ መፈልቀቂያ በእጅ ብቻ የሚገባ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። የቸርኬው ክብ አነስ ያለ ነው ማለት ስለሆነ፣ ቀጭን ቀበቶ ሁለት ዙር ጠምጥመው የጎድጓዳውን ወለል ከፍ ሲያደርጉለት ጠርዙ መሐል ይይዛል።

የፈነዳው የውስጥ ጎማ ይቀየራል፤ የውጩን ግን ሳይመረምሩ መልሰው አይግጠሙ። ጠርዙን በሁለት ጣትዎ ይዘው ዙሪያውን ይሂዱበት፤ ሽቦው የተቀጨበት ወይም ከላስቲኩ የወጣበት ቦታ ካገኙ ያንን ጎማ ልጅዎ እንዳይነዳበት። ጤነኛ ከሆነም ገጥመው ሳሙናው እስኪደርቅ አንድ ሌሊት ያሳድሩትና፣ ጠዋት መስመሩን ዳግመኛ አይተው ይስጡት።