በጥናቴ ውስጥ ያልነበረው ወጪ

ልጆቼ፣

ኢኮኖሚክስ ስትጀምሩ መምህራችሁ ከአምራቹ የወጪ መስመር በላይ የኅብረተሰቡን ጠቅላላ ወጪ የሚያሳይ ሌላ መስመር ያሰምርና፣ በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት፣ ማለትም አምራቹ ሳይከፍለው በሌሎች ላይ የሚወድቀውን ወጪ፣ አሉታዊ ውጫዊ ተፅዕኖ ይለዋል። ክፍተቱን በፈተና ላይ አስተካክሎ የሚያሳይ ተማሪ ብዙ ነው፤ ማን እንደሚከፍለው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

እኔም የጠየቅሁት ዘግይቼ ነው። በወጣትነቴ የአንድ ቆዳ ፋብሪካ የማስፋፊያ ጥናት ሠርቼ ነበር፤ የጥሬ ቆዳው፣ የጨው፣ ቆዳ የሚለፋበት ኬሚካል የክሮሙ፣ የደመወዙና የመብራቱ ወጪ እስከ ሳንቲሙ ተመዝግቦ ትርፉ አጥጋቢ ሆኖ ስለተገኘ ፈረምኩ። ከዓመታት በኋላ ፋብሪካዎች ፍሳሻቸውን በሚለቁበት በአቃቂ ወንዝ ዳር ስሄድ፣ አንዲት ሴት ለጉሊት ያሰረችውን ቆስጣ አረፋ በተኛበት የመስኖ ቦይ እየነከረች ስታጥብ አገኘኋት። የእጇ ቆዳ እስከ ክርኗ ተልጧል። «ሌላ ውኃ ከየት ይመጣል ጋሼ?» አለችኝ። በጥናቴ ውስጥ ለዚያ እጅ፣ ቆስጣውን ለሚበላውም ቤተሰብ፣ የተያዘ ወጪ አልነበረም።

የገበያ ጉድለት የሚባለው ይኸው ነው። ፋብሪካው የግድ ክፉ ሰው ስለሚመራው ሳይሆን፣ ወንዙ ዋጋ ስለሌለው ቆዳው ከእውነተኛ ወጪው በታች ይሸጣል፤ ስለዚህም ከሚገባው በላይ ይመረታል። የካምብሪጁ ኢኮኖሚስት አርተር ፒጉ እ.ኤ.አ. በ1920 ጉዳቱን የሚመጥን ግብር እንዲጣል ሐሳብ አቀረበ። ሌላው ኢኮኖሚስት ሮናልድ ኮዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1960 መብቱ የማን እንደሆነ በግልጽ ከተለየና ድርድሩ ወጪ ከሌለው ባለጉዳዮቹ ራሳቸው ሊስማሙ እንደሚችሉ አሳየ። ኮዝን ስታነቡ ያን «ከሌለው» የሚል ቃል አትዝለሉት። ያቺ ሴት ከማን ጋር ትደራደር? አረፋው ከየትኛው ፋብሪካ፣ ከየትኛውስ የመኖሪያ ሰፈር ፍሳሽ እንደመጣ ልትለይ አትችልም።

እኛም ሕግ አለን፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያዛል። ነገር ግን ለማስከፈል መለካት ያስፈልጋል፤ ለመለካትም ከፋብሪካው የፍሳሽ መውጫ ላይ በየጊዜው ናሙና የሚቀዳ ባለሙያ ያስፈልጋል። ፋብሪካው ይዘጋ አልልም፤ በደመወዙ የሚያድሩ ቤተሰቦችም በሒሳቡ ውስጥ መግባት አለባቸው።

ጥናት ስትሠሩ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ፍሳሹን ተከትላችሁ በእግራችሁ ውረዱ። የአቃቂ ውኃ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ በመንገዱም ላይ የምትጠይቋቸው ገበሬዎች አሉ።