ቧንቧን ሳይጎዳ አጥብቆ የሚይዝ መፍቻ እንዴት ይሠራል?

ሰላም ወንድሜ። ማራኪ ሰፈር ባለው የብየዳ ቤትህ የቧንቧ መፍቻ ሠርተህ ለመሸጥ እንዳሰብክ ጽፈሃል። ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ቧንቧንም ክሮም የተቀባውንም አጥብቆ እንዲይዝ፣ ግን ገላውን እንዳይበላው ትፈልጋለህ። ያሰብከው ዘዴ የተለመደውን ፓይፕ ሬንች ጥርስ በሞረድ አጥፍተህ የካላማዳሪያ ጎማ መለጠፍ ነው። ሬንቹን ከማበላሸትህ በፊት ይህን አንብብ፤ ችግሩ ያለው ጥርሱ ላይ ሳይሆን መንጋጋዎቹ ሁለት መሆናቸው ላይ ነው።

የተለመደው ፓይፕ ሬንች አሜሪካዊው ዳንኤል ስቲልሰን በ1869 እ.ኤ.አ. ፓተንት ያወጣበት ዓይነት ነው፤ አሠራሩ እስከ ዛሬ ብዙም አልተለወጠም። የላይኛው መንጋጋ ሆን ተብሎ ላላ ብሎ ይቀመጣል። እጀታውን ስትጫን መንጋጋው ያጋድላል፣ ባጋደለ ቁጥር ክፍተቱ ይጠባል፤ ስለዚህ ኃይል በጨመርክ ቁጥር አነካከሱም ይጨምራል። ቧንቧውን የሚነካው ግን ፊትና ኋላ በሁለት ቀጭን መስመር ብቻ ነው።

እስቲ እናስላው። የ1 ኢንች ቧንቧ የውጭ ዲያሜትር 33.7 ሚሊ ነው። ከቧንቧው 30 ሴንቲ ሜትር ርቀህ በ30 ኪሎ ብትጫን 90 ኒውተን ሜትር ያህል የማዞር ኃይል ይሆናል። ይህ ለሁለቱ መንጋጋዎች ሲካፈል እያንዳንዱ ቧንቧውን ለማዞር በ270 ኪሎ ያህል ይገፋል። ለስላሳ ብረት በለስላሳ ብረት ላይ ሲሆን ሰበቃው (ሳይንሸራተት የሚይዘው ኃይል ለተጫነው ጭነት ሲካፈል) 0.15 ገደማ ነው ብንል፣ ሳይከዳ ለመያዝ ከሁለቱም ወገን 1,800 ኪሎ መጨበጥ አለበት። መካከለኛ ውፍረት የሚባለው የ1 ኢንች ቧንቧ ግድግዳው 3.2 ሚሊ ነው፤ ከሁለት ወገን ብቻ 1.8 ቶን ሲጫነው ሞላላ ይሆናል፣ ቀጭኑማ ከዚያ በፊት ይጨፈለቃል። ጥርስ የተፈጠረው ለዚህ ነው፤ ብረቱ ውስጥ ገብቶ ስለሚነክስ ያን ሁሉ ጭነት አይጠይቅም። ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ የቧንቧው ገላ ነው። የጋልቫናይዙ የዚንክ ሽፋን ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 60 ማይክሮን ብቻ ሲሆን፣ ጥርሱ ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ ጠልቆ ይገባል። ጠባብ ጭረት ከሆነ በዙሪያው ያለው ዚንክ ራሱ ይከላከለዋል፤ በሰፊው የተላጠው ቦታ ግን መዛግ ይጀምራል።

አሁን ጎማህን እንየው። ደረቅ ጎማ ሰበቃው ጥሩ ነው፣ እሱ አያጠያይቅም። ነገር ግን ሁለት ቀጭን መስመር ላይ ያ ሁሉ ጭነት ሲያርፍበት ጎማው ወደ ጎን ይሸሻል፣ ማጣበቂያው ይለቃል። መንጋጋው ለማጋደል ያለው ጥቂት ቦታም ጎማውን በመጭመቅ ያልቃል፣ ማጥበቂያ አይተርፈውም። ትንሽ ዘይት ወይም ውሃ ከነካውማ ጨርሶ አይዝም።

መውጫው ቧንቧውን በሁለት መስመር መቆንጠጡን ትቶ ዙሪያውን ማቀፍ ነው። ዙሪያውን እኩል የተጨመቀ ቧንቧ ሞላላ አይሆንም። በተጨማሪም የተጠመጠመ ነገር የመያዝ ኃይሉ በጠመጠምከው መጠን በእጥፍ እየተባዛ ይሄዳል። ገመድ በግንድ ላይ ጠምጥሞ በሬ የሚይዝ ሰው የሚያውቀው ነገር ነው። ሰበቃው 0.2 የሆነ ቀበቶ 300 ዲግሪ ከዞረ፣ በላላው ጫፍ ያለው 1 ኪሎ በሌላኛው ጫፍ 2.8 ኪሎ ይይዛል፤ ሰበቃው 0.3 ከሆነ 4.8 ኪሎ። ስለዚህ የምመክርህ ባለ ቀበቶ መፍቻ እንድትሠራ ነው።

ቀበቶው የመኪና ደህንነት ቀበቶ ይሁን። ስፋቱ ከ46 እስከ 48 ሚሊ ነው፣ ደህናው ከ2 ቶን በላይ ይሸከማል፣ ጋራዦች ዘንድ ከተፈቱ መኪኖች ይገኛል። ፀሐይ ያነጣውን፣ ዳሩ የተተለተለውን እና ከተጋጨ መኪና የወጣውን አትውሰድ። መሃሉን በመፍቻው ራስ ላይ ባለው ዘንግ ላይ አንጠልጥለህ ሁለቱን ድርብ አንድ ላይ ጠምጥም። እንዲህ ሲሆን ስፌት አያስፈልግህም፤ ስፌት ቀድሞ የሚበጠስ ቦታ ነው።

የመፍቻው ራስ ሦስት ነገር አለው፦ ቀበቶው የሚንጠለጠልበት ዘንግ፣ ቀበቶውን ቧንቧው ላይ የሚጫን አፍንጫ፣ ሁለቱን የሚያያይዙ ሁለት ጉንጮች። ቀበቶው ከዘንጉ ወርዶ ቧንቧውን ይዞራል፣ ተመልሶም በአፍንጫውና በቧንቧው መካከል አልፎ ይወጣል። እጀታውን ስትጫን አፍንጫው የላላውን ጫፍ ይረግጠዋል፣ ዘንጉ ደግሞ ሌላውን ጫፍ ይጎትታል።

መፍቻው ይይዝ ወይም ይከዳ እንደሆነ የሚወስነው የአፍንጫውና የዘንጉ አቀማመጥ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ብታሳምር ይህን ከሳትክ ከንቱ ነው። ወፍራም ካርቶን ላይ የቧንቧውን ክብ በትክክለኛ መጠኑ ሣል። አፍንጫው የሚነካበትን ነጥብ ምልክት አድርግ። ከዘንጉ የሚወርደው ቀበቶ ክቡን መጀመሪያ የሚነካበትን ነጥብም ምልክት አድርግ። ሁለቱን ነጥቦች ከክቡ መሃል ጋር በመስመር አገናኝና በመሃላቸው ያለውን አንግል ለካ፤ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ አድርገህ ጀምር፣ መያዙን ግን የሚያረጋግጥልህ ከታች ያለው ፈተና ነው። አፍንጫው ቀበቶውን ሳያንሸራትት ይዞታል ብለን ብናሰላ፣ ከ70 ሲያልፍ ሰበቃው 0.2 የሆነ ቀበቶ ይከዳል፤ እርጥብ ሆኖ ወደ 0.15 ሲወርድ 63 ላይ ራሱ ይከዳል። 60 ላይ ቁም የምልህ ለዚህ ነው። ከ50 በታች ስታወርደው ደግሞ ይይዛል ግን የቀበቶው ጭነት በጣም ይንራል። 1 ኢንች ቧንቧ ላይ በ90 ኒውተን ሜትር፣ 60 ዲግሪ ሲሆን ቀበቶው 1.1 ቶን ያህል ይጎተታል፣ 40 ዲግሪ ሲሆን 2.3 ቶን። ልዩነቱ ዘንግ ያጎብጣል።

ቧንቧው ባነሰ ቁጥር ይህ አንግል ይሰፋል፤ ስለዚህ ለሁሉም ስፋት የሚሆን አንድ ራስ አትፈልግ፣ አይገኝም። በትንሹ ቧንቧ ላይ 60 ዲግሪ አድርገህ ከሠራህ በሚቀጥለው ስፋት 50 አካባቢ ይመጣል፤ ስለዚህ አንድ መፍቻ ሁለት ስፋት ይሸፍናል። አንዱ ለግማሽና ለሦስት ሩብ ኢንች፣ ሁለተኛው ለ1 እና ለ1 ኢንች ከሩብ፣ ሦስተኛው ለ1 ኢንች ተኩልና ለ2 ኢንች። የውጭ ዲያሜትራቸው በቅደም ተከተል 21.3፣ 26.9፣ 33.7፣ 42.4፣ 48.3 እና 60.3 ሚሊ ነው። ካርቶኑን በእነዚህ ቁጥሮች ሣል፣ ዘንጉንም በትክክለኛ ውፍረቱ ሣለው፤ ቀበቶው የሚወርደው ከዘንጉ መሃል ሳይሆን ከዳሩ ነው።

ለመካከለኛው መፍቻ መጠኖቹ እነሆ። እጀታው 30 በ10 ሚሊ ጠፍጣፋ ብረት፣ ርዝመቱ 40 ሴንቲ፣ 30ው ሚሊ ወደ ሚዞርበት አቅጣጫ ይሁን። ይህ ብረት 90 ኒውተን ሜትርን በቀላሉ ይችላል፤ ገዢው ቱቦ ሰክቶ 1 ሜትር ካደረሰው ግን ለመጉበጥ ይቃረባል፣ ስትሸጥ ንገረው። ጉንጮቹ ከ8 ሚሊ ላሜራ፣ በመካከላቸው 52 ሚሊ ክፍተት፤ ከእጀታው ጋር በ10 ሚሊ ላሜራ አገናኛቸው። ለዘንጉ 12 ሚሊ ቡሎን እንዳያምርህ፣ በ1 ቶን ይጎብጣል፤ 20 ሚሊ ለስላሳ ዘንግ አድርግ። አፍንጫውን ከቧንቧ ቁራጭ ሥራው፣ 20 ሚሊ ስፋት፣ 50 ሚሊ ርዝመት፣ ጎድጓዳው ወደሚያዘው ቧንቧ ይዙር። ቁራጩ የሚመጣበት ቧንቧ ውስጡ ከምትይዘው ትልቁ ቧንቧ ውጭ ትንሽ የሰፋ መሆን አለበት፦ ለመካከለኛው መፍቻ ከ2 ኢንች፣ ለትልቁ ከ2 ኢንች ተኩል። ከጠበበ ሁለቱ ጠርዞቹ እንደ ጥርስ ይነክሳሉ። ከኋላው ወፍራም ብረት በይድበት፣ ባዶውን ይጨፈለቃል። ቀበቶ የሚነካውን ጠርዝ ሁሉ ቢያንስ በ3 ሚሊ አክብበህ በብርጭቆ ወረቀት ጨርስ፤ የብየዳ ፍንጣሪ አንድ እንኳ ብትቀር ቀበቶውን ትበጣዋለች።

የመኪና ባሌስትራ (ተደራርቦ የሚታሰረውን የብረት ሞላ) ለዚህ ሥራ አትጠቀም። ካርቦኑ ብዙ ስለሆነ ሳታሞቀው ከበየድከው ብየዳው አጠገብ ይሰነጠቃል፤ እዚህ ደግሞ ጠንካራ ብረት የሚፈልግ ቦታ የለም።

ሲሠራበት የሚከዳው ብዙ ጊዜ በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ቀበቶውን ላላ አድርጎ መጀመር ነው። ጫፉን በእጅ ስቦ አፍንጫው እስኪነካ ማጥበቅ ያስፈልጋል፣ አለበለዚያ የመፍቻው ራስ ይዞርና አንግሉ ይበላሻል። ሁለተኛው ዘይት ነው። የቧንቧው ጫፍ የመጋጠሚያ ጥርስ ከወጣለት በኋላ ላዩ ላይ የሚቀረው የመቁረጫ ዘይት ሰበቃውን ይገድለዋል። ላምባ ብቻውን ቅባት ይተዋል፤ በሳሙናና በውሃ አጥቦ ማድረቅ ይሻላል። ከዚህ ሌላ በተቃራኒ አቅጣጫ ሲጫኑት ይፈታል እንጂ አይዝም፤ ለማጥበቅና ለመፍታት ገልብጦ ማሰር ነው። እጀታው ላይ የቀስት ምልክት ምታበት።

ሳትፈትን አትሽጥ። 60 ሴንቲ ቧንቧ ወስደህ አንዱ ጫፍ ላይ ላሜራ በይድና ላሜራውን ሞርሳ ላይ እሰር፤ ቧንቧውን ራሱን ሞርሳ ውስጥ ካስገባኸው መበላሸቱ ከሞርሳው ይሁን ከመፍቻው አታውቅም። እጀታውን አግድም አድርገህ ከቧንቧው መሃል 40 ሴንቲ ላይ ውሃ የሞላ የ20 ሊትር ጀሪካን አንጠልጥል፤ ከነጀሪካኑ 80 ኒውተን ሜትር ያህል ነው። ለግማሽ ኢንች 20 ሴንቲ ላይ ይበቃል። ቀበቶውና ቧንቧው ላይ በማርከር አንድ መስመር አስምርና ጥቂት ደቂቃ ተወው። መስመሩ ከተለያየ ተንሸራቷል። የቧንቧውን ዲያሜትር በፊትም በኋላም በካሊፐር ወደ ጎንና ወደ ላይ ለካ፤ ከ0.2 ሚሊ በላይ ከተለወጠ አፍንጫህ ጠባብ ነው ወይም አንግሉ ከ50 ወርዷል። ከዚያ ቧንቧውን አርጥበህ ድገመው፤ በእኛ ከተማ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ተጣድፎ የሚፈታ ቧንቧ ደርቆ አይጠብቅህም።

የማይሆንበትንም ለገዢህ ንገረው። ለዓመታት የዛገ መጋጠሚያ፣ በቃጫና በቀለም የደረቀ፣ በቀበቶ አይፈታም፤ እዚያ ባለ ጥርሱ ሬንች ቦታው ነው። ያኔም ከተቻለ ቧንቧውን ሳይሆን መጋጠሚያውን (ሶኬቱን ወይም ጎሚቶውን) ያዝ፣ በሌላ መፍቻ ደግሞ ከጎኑ ያለውን ቧንቧ ደግፍ። ባለ ጥርሱን ስትይዝ በቧንቧውና በመንጋጋው ጀርባ መካከል 10 ሚሊ ያህል ክፍተት ተው፤ ጀርባው ከነካ መንጋጋው ማጋደል አይችልም፣ ይንሸራተትና ገላውን ይልጠዋል። ብዙ ሰው ጥርሱ ዱልዱም ሆነ ብሎ የሚጥለው ሬንች ያለበት ችግር ይኸው ነው። የተላጠው ላይ ዚንክ ያለበት ቀለም ቀባ፣ በተለይ መሬት ውስጥ የሚቀበር ከሆነ።

ለክሮም ያው ቀበቶ ይበቃል፣ ግን ንጹሕ የሆነውን ለብቻው አስቀምጥ፤ ቀበቶው ውስጥ የተቀበረች አንዲት የብረት ፍቅፋቂ ክሮሙን ትቧጭረዋለች። ባለ ስድስት ጎን ዳዶ ከሆነ ቀበቶ አያስፈልግም፣ ለስላሳ መንጋጋ ያለው መፍቻ ይያዘው።

ፒፒአር (በሙቀት የሚገጣጠም የፕላስቲክ ቧንቧ) ላይ ጥንቃቄው ሌላ ነው። እዚያ የሚበላሸው ገላው ሳይሆን መጋጠሚያው (ፊቲንጉ) ውስጥ የተቀበረው ባለ ጥርስ ነሐስ ከፕላስቲኩ ጋር የተያያዘበት ቦታ ነው። ነሐሱን ባለ ስድስት ጎን ከሆነ በመፍቻ ያዝ፣ የፕላስቲኩን አካል በቀበቶህ ደግፍ፣ የምታዞረው የሚገባውን ኒፕል (ባለ ጥርስ አጭር ቧንቧ) ብቻ ይሁን። ነሐሱ በፕላስቲኩ ውስጥ አንዴ ከዞረ ያ ፊቲንግ ማፍሰሱ አይቀርም፤ ቆርጠህ በሌላ ተካው።