መልስ፦ ስኬትን ለእግዚአብሔር መስጠት ድካምን መካድ ነው ወይ?

ጤና ይስጥልኝ። «በአይሁድ እምነት ስኬቴን ለእግዚአብሔር ከሰጠሁ የራሴን ድካም መካዴ አይሆንም ወይ?» ብለው ለጠየቁት፦ አይሆንም።

መነሻው ዘዳግም 8፥17-18 ነው። ቁጥር 17 «ጕልበቴ የእጄም ብርታት ይህን ሀብት አመጣልኝ» ማለትን ይከለክላል። ቁጥር 18ን ግን ቀስ ብለው ያንብቡት። እግዚአብሔር ሰጠ የሚለው ሀብቱን ሳይሆን ሀብት ማፍሪያውን ጉልበት ነው። በ14ኛው መቶ ዘመን የካታሎንያው ረቢ ኒሲም ያሰመሩበት ይህንኑ ነው፦ የሰው ችሎታ እውነት ነው፣ ግዴታው ሰጪውን ማስታወስ ነው። ኦንቅሎስ የሚባለው ጥንታዊ የአራማይክ ትርጉም በ«ጉልበት» ፈንታ «ምክር» ይላል፤ ስለዚህ የንግድ ሐሳቡ ራሱ ስጦታ ነው። እንግዲህ «እኔ ምንም አልችልም» ማለት፣ በእኔ እምነት፣ ትሕትና ሳይሆን የተሰጠን ነገር መካድ ነው።

ምዕራፉ የሚፈራው ጥጋብን ነው (8፥12-14)። ብርካት ሀማዞን የተባለው ምስጋናም የሚደርሰው ዳቦ ከተበላ በኋላ ነው፤ ቢያንስ የወይራ ፍሬ የሚያህል ለበላ ሰው አራት ቡራኬ አለው።

በገንዘብ በኩል ልማዱ ከትርፍ 10 በመቶ ለድሆች መስጠት ነው። ለጋስ እስከ 20 ይደርሳል፤ ሰጪው ራሱ ተመጽዋች እንዳይሆን ጠቢባኑ ከዚያ እንዳያልፍ ገድበዋል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ስሌቱ ላይ ነው፦ አስቀድሞ የሚቀነሰው የንግዱ ወጪ እንጂ የቤት አስቤዛ አይደለም።