«ብርሃን አፋጣኝ» ምን ያፋጥናል?

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከኮምቦልቻ ነው። የመመረቂያ ጽሑፌ የጨርቅ ማቅለሚያ የተቀላቀለበትን ውሃ በብርሃን ስለማጥራት ነው። ርዕሱን «በብረት ላይ የተመሠረቱ ባለ ቀዳዳ የሚታይ ብርሃን አፋጣኞች» ብዬዋለሁ። በውጤቱም «ቀለሙ ጠፋ» ብያለሁ። ያነበቡት ሁሉ ግራ ተጋቡ፤ ምኑ ላይ ተሳሳትኩ?

መልስ፦ ሳይንሱ ሳይሆን አማርኛው ነው ያደናገራቸው። ደሴ ፒያሳ ያለው ልብስ ሰፊ የሚሰፋው ልብስ ነው፤ ውሃ ቀጂም የምትቀዳው ውሃ ነው። ከአድራጊው የሚቀድመው ስም ተሳቢ ስለሚሆን «ብርሃን አፋጣኝ» ብርሃንን የሚያፋጥን ይሆናል። በዚያ ላይ «አፋጣኝ» ሲባል ሰው የሚያስበው አስቸኳይን ነው። «ፎቶካታሊስት»ን ይያዙ፤ መጀመሪያ ሲመጣ ብቻ «ብርሃን ሲያርፍበት የኬሚካል ለውጥን የሚያፋጥን፣ ራሱ ግን የማያልቅ ቁስ» ብለው ይፍቱት።

«በብረት ላይ የተመሠረቱ» የሚለውም አይሆንም፤ በአለት ላይ የሚመሠረት ቤት ነው። ከብረት ሌላ ቲታኒየምና ቢስመዝ የተባሉ ብረታ ብረቶችም በዚህ ሥራ ስላሉበት «የብረታ ብረት ውህድ» ይበቃል። «ባለ ቀዳዳ» አንድ ቀዳዳ ላለውም ይሆናል፤ ደሴን ተራራማ እንደምንል፣ ብዛትን የሚያሳየው «ቀዳዳማ» ነው። «የሚታይ ብርሃን»ም «በ» ይጨመርበት። ይህች ፊደል ቀላል አይደለችም፤ ፎቶካታሊስቱ በየትኛው ብርሃን እንደሚሠራ ትናገራለች፦ አናታዝ የተባለው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ 3.2 ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ስለሚፈልግ የሞገድ ርዝመቱ ከ388 ናኖሜትር ባነሰ፣ ዓይን በማያየው አልትራቫዮሌት ነው የሚነቃው፤ የሚታየው ብርሃን ግን ከ400 እስከ 700 ገደማ ነው። እንግዲህ ርዕሱ «በሚታይ ብርሃን የሚሠሩ ቀዳዳማ የብረታ ብረት ውህድ ፎቶካታሊስቶች» ይሁን።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ «ጠፋ» ነው። ቀዳዳማው የፎቶካታሊስት ዱቄት ሰፊ ገጽ ስላለው በጨለማም ቀለሙን ይይዛል፤ ውሃው ይጠራል፣ ቀለሙ ግን አልፈረሰም። ስለዚህ ሁለት ግስ ያስፈልግዎታል፦ «ተጣበቀ» እና «ፈረሰ»። ሙከራውም ይህንኑ ይከተል። ብርሃን ሳይበራ ዱቄቱንና ቀለሙን ለ30 ደቂቃ ያህል በጨለማ ያማስሉ፤ በውሃው ውስጥ የቀረው ቀለም ልኬት አሁንም እየወረደ ከሆነ እስኪረጋ ይጨምሩ። ቀለሙ ሜቲሊን ብሉ የተባለው ሰማያዊ ማቅለሚያ ከሆነ፣ የ664 ናኖሜትር ብርሃን ምን ያህል እንደሚውጥ ይለኩ። እስከዚያ የቀነሰው «ተጣበቀ» ይባል። መብራቱ ከበራ በኋላ የቀነሰውንም ወዲያው «ፈረሰ» አይበሉ፤ ሜቲሊን ብሉ ራሱ የሚታይ ብርሃን ስለሚውጥ ያለ ዱቄትም ሊደበዝዝ ይችላል። ዱቄት የሌለበት ብልቃጥ አብሮ ይብራበት፤ የእሱ ቅናሽ ከውጤቱ ይቀነስ። በመጨረሻ ዱቄቱን አጥልለው ይዩት፦ ውሃው ጠርቶ ዱቄቱ ሰማያዊ ሆኖ ከቀረ፣ «ተጣበቀ» እንጂ «ፈረሰ» ብለው አይጻፉ።