94 ላይ ከቆመ መጀመሪያ የገመዱን ጫፍ ጠርጥሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ባለው ቤትሽ ስልክሽ በዋይፋይ በሴኮንድ 180 ሜጋቢት ሲያሳይ በገመድ የተገናኘው ኮምፒውተርሽ ከ94 ንቅንቅ አይልም፤ አገልግሎት ሰጪውን ልክሰስ ወይስ ኮምፒውተሩን ልቀይር ብለሻል። ሁለቱንም ለጊዜው ተዪያቸው። ስልክሽ 180 ካገኘ ኢንተርኔቱ እስከ ራውተሩ ደህና ገብቷል። የጎደለው ከራውተሩ እስከ ጠረጴዛሽ ባለው መንገድ ላይ ነው።

94 ደግሞ እንዲያው የመጣ ቁጥር አይደለም። ራውተሩና ኮምፒውተሩ በገመድ ሲገናኙ አስቀድመው በአንድ ደረጃ ይስማማሉ፤ 10፣ 100 ወይም 1000 ሜጋቢት። 100 ላይ ሲስማሙ ከመረጃው ጋር ለሚጓዘው አድራሻና መቆጣጠሪያ የሚሆነው ይቀነስና በፍጥነት መለኪያው ላይ 94 አካባቢ ይቀራል። 60 ወይም 130 ብትዪኝ ኖሮ ሌላ ነገር እጠረጥር ነበር።

ይህን ያወቅኩት ሁለት ወር ሙሉ ከሰው ጋር ከተጨቃጨቅኩ በኋላ ነው። እዚሁ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር፣ አሮጌ ቤት ውስጥ የሰርግ ቪዲዮ አቀናብራለሁ። ራውተሩ ሳሎን ነው፣ የሥራ ክፍሌ ከግቢው ወዲያ ማዶ። ገመዱን በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል የዘረጋሁት እኔ፣ ጫፎቹንም፣ ማለትም ራውተሩና ኮምፒውተሩ ላይ የሚሰኩትን ትንንሽ ፕላስቲኮች፣ የገጠምኩት እኔ። ፍጥነቱ ሲያንስብኝ ግን ራሴን ለአፍታ እንኳ አልጠረጠርኩም። በየሳምንቱ ለአገልግሎት ሰጪው እየደወልኩ የስልክ አንሺዎቹን ጆሮ አደነቆርኩ፤ የማያስፈልገኝን የኔትወርክ ካርድ ገዛሁ። ያነቃኝ አንድ የሰርግ ቀረጻ ነው። 60 ጊጋባይት የሚሆነውን ፋይል ሳሎን ካለው ኮምፒውተር ወደ ሥራ ክፍሌ ስገለብጥ አንድ ሰዓት ተኩል ሊሞላ ትንሽ ቀረው። በሴኮንድ 11 ተኩል ሜጋባይት ገደማ ነው፤ አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ በ8 ስታባዢው 92 ሜጋቢት ይሆናል። ፋይሉ ከክፍል ወደ ክፍል ሲሄድ ከግቢዬ አልወጣም፣ ኢንተርኔት የሚባለውንም አልነካም። ያን ሁሉ ጊዜ የተሳደብኩት ለካ የራሴን እጅ ሥራ ነው።

ገመዱን ብትከፍቺው ጥንድ ጥንድ ሆነው የተጠማዘዙ 8 ቀጫጭን ሽቦዎች ታገኛለሽ። የ100 ሜጋቢት ግንኙነት የሚሠራው በ4ቱ ብቻ ነው፤ በ1ኛው፣ በ2ኛው፣ በ3ኛውና በ6ኛው። ጊጋቢት፣ ማለትም የ1000 ሜጋቢቱ፣ 8ቱንም ይፈልጋል። ስለዚህ ከቀሩት 4 አንዱ ቢበጠስ ኢንተርኔቱ አይቋረጥም፤ ድምፁን አጥፍቶ ወደ 100 ይወርዳል። ክፋቱም ይኸው ነው፤ እየሠራ ያለን ነገር ማን ይመረምራል? በእኔ ገመድ ቡናማው ሽቦ እስከ ጫፉ መጨረሻ አልገባም ነበርና የጫፉ ጥርስ ሳይነክሰው ቀርቷል። ጫፉን ቆርጬ በአዲስ ገጠምኩት። ያው ፋይል በ9 ደቂቃ አለቀ።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። በዊንዶውስ ሴቲንግስ ውስጥ ኔትወርክ የሚለውን፣ ቀጥሎ ኢተርኔት የሚለውን ክፈቺና ሊንክ ስፒድ ከሚለው ፊት ያለውን ቁጥር ተመልከቺ። 100 ካለ ኮምፒውተሩን ተሸክመሽ ራውተሩ አጠገብ ውሰጂውና ፋብሪካ ውስጥ በተገጠመ አጭር ገመድ አገናኚው። ወደ 1000 ከወጣ ጥፋቱ የረጅሙ ገመድ ነው። አሁንም 100 ከሆነ የራውተሩን ፖርቶች (የገመድ መሰኪያ ቀዳዳዎቹን) አንድ በአንድ ሞክሪ። ዋይፋዩ ፈጣን ሆኖ የገመድ ፖርቱ 100 ብቻ የሆነ ራውተር ሞልቷል፤ ከአራቱ ፖርቶች አንዱ ብቻ ጊጋቢት የሆነም አለ። በመካከል አሮጌ ስዊች፣ ማለትም አንዱን ገመድ ለብዙ መሣሪያ የሚያካፍል ሳጥን፣ ካለም እሱን አውጪው። የኮምፒውተሩ ካርድ የሚጠረጠረው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው።

ጫፍ የምትገጥሚ ከሆነ የቀለሙ ተራ ይህ ነው፤ ነጭ-ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡናማ፣ ቡናማ። በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት። አረንጓዴው ጥንድ በሰማያዊው መለያየቱ ስህተት እንዳይመስልሽ። ሐረር ጀጎል ውስጥ የአክስቴ ልጅ ቤት ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ ስለሆነ ዋይፋይ አያሳልፍም፤ ገመድ ዘረጋና ለዓይን ደስ እንዲል ብሎ እያንዳንዱን ቀለም ከነጩ ጋር ጎን ለጎን ደረደረው። መሞከሪያ መሣሪያው 8ቱንም መብራት አበራለት፤ ፍጥነቱ ግን ኤሊ ነበር። መሣሪያው የሚያየው ሽቦው ከጫፍ እስከ ጫፍ መድረሱን ብቻ ነው። 3ኛውና 6ኛው ከአንድ ጥንድ መምጣታቸውን አያውቅም፤ ጥንዱ ካልተጠበቀ ደግሞ የአንዱ ሽቦ ምልክት ወደ ሌላው እየፈሰሰ መረጃውን ያበላሸዋል።

የገመዱንም ዓይነት እዪ። ሽቦውን በምላጭ ስትፍቂው ውስጡ ነጣ ካለ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከታጠፈ ይሰበራል። እንዲህ ያለውን ለመጠገን አትልፊ፣ ካት 5ኢ በሚባለው፣ ጊጋቢት በሚችል የንጹሕ መዳብ ገመድ ቀይሪው። በሴቲንግስ ውስጥ ፍጥነቱን በእጅ ማስተካከልም አይበጅም፤ አንዱ ወገን በእጅ ሌላው በራሱ ሲሆን ከ94 የባሰ ሊመጣ ይችላል።

የሊንክ ስፒዱን ቁጥርና የገመዱን ርዝመት ጻፊልኝ። ኮርኒስ ላይ መውጣት ካለብሽ ማልደሽ ውጪ፤ ረፋዱ ካለፈ ድሬ ላይ ከቆርቆሮ ሥር መቆየት አይቻልም።