መልስ፦ የአባትህ ብር አልጠፋም፤ የተበላሸው የኤቲኤም ካርዳቸው ጥቁር መስመር ነው

ኤቲኤም የአባትህን ካርድ አላነብም ስላለ «የጤፍ ሽያጩ ብር ጠፋ ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። ብሩ አልጠፋም፤ አባትህን ቶሎ አረጋጋቸው። የጤፍ ሽያጩ ገንዘብ ያለው ባንክ ሒሳባቸው ውስጥ ነው እንጂ ካርዱ ላይ አይደለም። ከካርዱ ጀርባ ያለው ጥቁር መስመር የሚይዘው የካርድ ቁጥር፣ ስም፣ የሚያበቃበትን ቀንና ጥቂት ኮዶችን ነው። የሚስጥር ቁጥሩ ራሱ እዚያ የለም።

እንደጻፍከው ካርዱ ማግኔት ካለው የስልክ ሽፋን ጋር ከርሟል፤ ከዚያ የፍኖተ ሰላሙ ኤቲኤም አላነብም አለ። ምክንያቱ ይሄው ይመስለኛል። መስመሩ ውስጥ ደቃቅ የማግኔት ብናኞች አሉ፤ መረጃው የተጻፈው በእነሱ አቅጣጫ ነው። ሌላ ማግኔት ሲጠጋቸው ይዘበራረቃሉ።

እንዲህ አድርግ፦

1. ካርዱ ፊት ለፊቱ ላይ ቺፕ (ትንሿ የብረት ካሬ) ካለው፣ ፖስ ማሽን (ሱቅ ውስጥ በካርድ የሚከፈልበት መሣሪያ) ላይ መስመሩን ከመጎተት ይልቅ ቺፑን አስገብተህ ሞክር። የስልክ ሽፋን ማግኔት ቺፕ አይጎዳም። ኤቲኤሙ ግን አሁንም እምቢ ሊል ይችላል፤ አንዳንዱ ካርዱን ከመቀበሉ በፊት መስመሩን ይፈትሻል።

2. ካልሆነ መታወቂያና የባንክ ደብተራቸውን ይዘው ቅርንጫፍ ይሂዱ። ብሩን በመስኮት ያወጣሉ፣ አዲስ ካርድም ያዛሉ። መስመሩን መወልወል ቆሻሻ ያነሳል እንጂ የጠፋውን አይመልስም።

አንድ ነገር ግን አደራ። በገበያ ቀን ወረፋ ላይ «ላግዝዎት» ብሎ የሽማግሌ ካርድ የሚቀበል ሰው ደጋግሜ አይቻለሁ። የመስመሩ መረጃ ሁሌም ያው ስለሆነ በትንሽ ማንበቢያ በቅጽበት ይገለበጣል። ቺፑ ግን ለእያንዳንዱ ክፍያ አዲስ ኮድ ያመነጫል። ካርዱ ከእጃቸው አይውጣ፤ የሚስጥር ቁጥሩን ሲነኩም በሌላ እጃቸው ይሸፍኑት።